የጋሽ መሸሻ ዳቦ ቅርፊት

ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል። ሳይጠየቅ የሚያክም ሰው የሌለበት ሰፈር ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ገና «እንዴት አደሩ?» ስትሉት «ምላስህን አውጣ» ይላል። ካስነጠሳችሁ ትናንት ምን እንደበላችሁ ይጠይቃል፤ ካላስነጠሳችሁ ደግሞ ለምን እንዳላስነጠሳችሁ ይጨነቃል። በኛ በኮልፌ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር አቶ መሸሻ ነበሩ። የሾማቸው ስለሌለ የሚሽራቸውም አልነበረም። ንጉሡ ወረዱ፣ ሚኒስትሮች ታሰሩ፣ ቤትና መሬት ተወረሰ፤ የጋሽ መሸሻ ወንበር ግን ከደጃፋቸው ንቅንቅ አላለችም።

ከጅማ ወዲያ ካለ አገር በልጅነታቸው መጥተው ሃያ ሁለት ዓመት አንድ ሆስፒታል ውስጥ ሠርተዋል። የሠሩት ወጥ ቤት ነው። ድንች ሲልጡና ለበሽተኛ ሾርባ ሲያማስሉ ኖሩ እንጂ መርፌ ይዘው አያውቁም። ይሁን እንጂ በሆስፒታል በር የተመላለሰ ሰው ሕክምናው በልብሱም ቢሆን ይገባበታል ብለው ያምኑ ነበር። ጡረታ ሲወጡ ነጭ ጋዋናቸውን ይዘው ወጡ። ቅዳሜ ቅዳሜ እሱን ለብሰው ደጃፍ ይቀመጣሉ፤ ያን ቀን ጤነኛ የሆነ ሰው መንገድ ቀይሮ ይሄዳል።

መድኃኒታቸው አንድ ነበር። ፉርኖ ዳቦ ይቆርጣሉ፣ ከሰል ላይ በሽቦ ያስቀምጣሉ፣ ሁለቱም ገጹ ቡናማ ሲሆን ነጭ ሽንኩርት ያሹበታል። ከዚያ ቲማቲም ቀጭን ቀጭን አድርገው ይደረድሩና ቃሪያና ጨው ነስነስ፣ ካለም ዘይት ጠብ ያደርጉበታል። ሥጋ የለው፣ ቅቤ የለው፣ ለጾም ይሆናል። «ቶስት ይባላል» ይሉናል፤ በሆስፒታሉ የነበሩ ፈረንጅ ሲስተር አስተምረዋቸው ነው። ቀጥሎ ጣታቸውን ይዘረጋሉ።

«ጥቅሙ አምስት ነው፤ ጉዳቱ ሁለት። አንድ፣ ለጨጓራ ቀላል ነው። ሁለት፣ አይሻግትም። ሦስት፣ ጥርስ ያጠነክራል። አራት፣ ቲማቲሙ ደም ያጠራል። አምስት፣ ነጭ ሽንኩርቱ ብርድ ያባርራል። ጉዳቱን ብትለኝ፣ ካረረ ጨጓራ ይልጣል።»

«ሁለተኛው ጉዳቱስ ጋሼ?»

«እሱን ሌላ ቀን።»

ያ ሌላ ቀን መጥቶ አያውቅም። የመንደራችን ትልቅ ጾመኛ እትዬ ወለተጻድቅ ጉልበታቸውን ሲያማቸው ቶስት ታዘዘላቸው። እትዬ ወለተጻድቅ የፈረንጅ ሲስተር እጅ ያለበት ነገር ጾም ይገድፍ እንደሆነ የነፍስ አባታቸውን ጠይቀው፣ ተፈቅዶላቸው በሉ። ጉልበታቸው እንዳለ ነው፤ ጋሽ መሸሻ ግን «ባይበሉ ኖሮ ወገብዎም ይጨመር ነበር» አሏቸው። አንድ ጎረቤታችን ሞቶ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ሟቹ ትኩስ ዳቦ ባያበዛ ኖሮ ዛሬ ከኛ ጋር ተቀምጦ ያለቅስ እንደነበር ለሚስቱ አስረዷት። በቀበሌው የውይይት ክበብም አንድ እሑድ ካድሬው ስለ ቅራኔዎች አብራርቶ «ጥያቄ ያለው?» ሲል እጃቸውን አወጡ። «ጓድ፣ ሰፊው ሕዝብ ጨጓራውን የሚታመመው ዳቦውን ሳይጠብስ ስለሚበላ ነው። በዚህ ላይ አቋማችን ምንድን ነው?» አሉ። ካድሬው አቋም አልነበረውም። እኛ ሳቁ ተብሎ እንዳይጻፍብን ጫማችንን አየን።

እኔ ያን ጊዜ ከጎጃም የመጣሁ የሃያ አራት ዓመት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበርኩ። ከሳቸው ቤት ጋር ግድግዳ የምትጋራ አንዲት የቀበሌ ክፍል ውስጥ እኖራለሁ፤ አምሐ ይሉኛል። የፊት ጥርሴ ጫፉ የተሸረፈ ነው። ይህን ጥርስ ጋሽ መሸሻ ስንት ጊዜ እንዳዩት እግዜር ይወቅ። በወረፋ የምናገኛትን ዳቦ ይዤ ስገባ ያስቆሙኛል፣ አፌን ያስከፍቱኛል፣ አገጬን ይዘው ወደ ብርሃን ያዞሩታል። «ቅርፊቱን አኝክ» ይሉኛል። «ሰው መሐሉን ይበላና ቅርፊቱን ይጥላል። ጤናው ቅርፊቱ ላይ ነው!»

ይህን ምክር ያልተቀበለች አንዲት ሰው ነበረች፤ የገዛ ልጃቸው ኮከብ። አንድ ልጃቸው ናት፣ ሃያ ዓመቷ ነው፣ የጽሕፈት ሥራ ትማራለች። ቶስቱን ትወዳለች፤ ቅርፊቱን ግን ዙሪያውን በጣቷ ገንጥላ፣ ሳይቆረጥ አንድ ላይ እንደተያያዘ ሳህኑ ዳር ታስቀምጠዋለች። በየጠዋቱ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። «ብይው!» ይላሉ። «አልበላም!» ትላለች። እናቷ እትዬ ሰርኬ «አንቺ ልጅ፣ አባትሽ ሳይረግምሽ ብይው» ይላሉ። እሷ ትስቃለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ጋሽ መሸሻ ቅርፊቱን ራሳቸው እየበሉ ይወጣሉ።

በኅዳር 1970 ኮከብን ወሰዷት። በጠራራ ፀሐይ ነው፤ ሦስት ሰዎች መጥተው ደብተሮቿን ገለባበጡና «ለትንሽ ጥያቄ ነው» አሉ። ያ ትንሽ ጥያቄ ያን ዓመት የስንቱን ቤት እንደዘጋ በኮልፌ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል። ያስገቧት ቀበሌው ግቢ ውስጥ፣ ቀድሞ የአንድ ሀብታም የእህል መጋዘን በነበረው ቤት ነው። መጋዘኑ በጣውላ ለሁለት ተከፍሎ ወንዶች በአንዱ፣ ሴቶች በሌላው ይታጎሩ ነበር።

የታሰረ ሰው የሚበላው ቤተሰቡ የሚያመጣለትን ነው። በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ እናቶች በር ላይ ይሰለፋሉ። ጠባቂው ምሳ ዕቃውን ተቀብሎ ያስገባል፣ የትናንቱን ባዶ ይመልሳል። መርዶ የሚነገረውም እዚያው በር ላይ ነበር። ጠባቂው እጁን ሳይዘረጋ «ከእንግዲህ አታምጡ» ካለ አለቀ። ሬሳ አይጠየቅም። ማልቀስም ክልክል ነበር።

ጋሽ መሸሻ ወረፋው ውስጥ ብቸኛው ወንድ ነበሩ። ምሳ ዕቃውን ሰርኬ ትውሰድ ሲባሉ «ቶስት አያያዝ አታውቅም» ብለው እምቢ አሉ። ክዳኑ ላይ በሆስፒታል ፕላስተር «ኮከብ መሸሻ» ብለው ጽፈዋል። ቱሉ የሚባል የአስኮ ልጅ ነበር በሩን የሚጠብቀው፤ ጠመንጃ የያዘ፣ ፊቱ የማይፈታ። በሁለተኛው ቀን «ጓድ ቱሉ፣ ምላስህን አውጣ» አሉት። ወረፋው በሙሉ ትንፋሹን ዋጠ። ቱሉ ምን እንደነካው እንጃ፣ አወጣ። «ጨጓራ አለብህ» አሉት ሁሉም እየሰሙ፤ እውነትም ነበረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሱም አንድ ቁራጭ ያመጡለት ጀመር፤ ጥቅሙን አምስቱንም፣ ጉዳቱን አንዱን ነገሩት።

ምሳ ዕቃው ወደ ቤት ሲመለስ ውስጡ ቅርፊት አለ። ዙሪያውን በጣት የተገነጠለ፣ ሳይቆረጥ የተያያዘ። ጋሽ መሸሻ ግቢው መሐል ቆመው ይጮኻሉ። «እስር ቤት ገብታም አልሰማችኝም! ይኸው መለሰችው! እዩት!» እኛም ከየክፍላችን ወጥተን እናያለን። እትዬ ወለተጻድቅ ያማትባሉ። እትዬ ሰርኬ ቅርፊቱን በነጠላቸው ጫፍ ይዘው ይገባሉ። ኮከብ ዛሬም አለች ማለት ነው። የዚያን ግቢ ደስታ ሌላ ሰው ቢያየው አብደዋል ይለን ነበር።

በታኅሣሥ ተራው የኔ ሆነ። ክፍሌ ሲፈተሽ የፈተና ማባዣ ስቴንስል ተገኘ። በራሪ ወረቀት ታባዛለህ አሉኝ፤ አስተማሪ ነኝ ብል ማን ይስማኝ። እዚያው መጋዘን ጣሉኝ። ዘመዶቼ ጎጃም ናቸው፤ በር ላይ ስሜን የሚጠራ ሰው የለኝም። ሌሎቹ እስረኞች ከሚደርሳቸው እየቆረሱ ይሰጡኛል፤ እነሱም ግን አይጠግቡም። ርሃብ ሰውን ምን ያህል ትንሽ እንደሚያደርገው እዚያ አየሁት፤ ሌላው ሲያኝክ አፉን እያየሁ እውል ነበር።

ኮከብን አንድ ቀን ብቻ አገኘኋት። ወንዶቹ ከሽንት ቤት ስንመለስ ሴቶቹ ሲሄዱ ተላለፍን። ከስታለች፤ ዓይኗ ብቻ ያው ነው። ጠባቂዎቹ እንዳይሰሙን ፈጠን አድርጋ ተናገረች።

«አምሐ፣ አባቴ ይጮኻል?»

«በየቀኑ።»

«ጎሽ። ቅርፊቱን የምመልስለት እንዲናደድ ነው። ካልመለስኩለት ሞታለች ይላል።»

«እዚህ ተርበሽ ቅርፊት ትመልሻለሽ?» አልኳት።

«አይጣፍጥማ» አለችኝና ሄደች።

ጥር አጋማሽ ላይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን የስም ወረቀት የያዙ ሰዎች መጡ። በጣውላው ማዶ የአራት ሴቶች ስም ተጠራ። የኮከብ ሦስተኛው ነበር። «ምሳ ዕቃዬን ልያዝ?» ስትል ሰማኋት። «ተዪው» አላት አንዱ። መኪና ተነሣ። ከኛ በኩል አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩ ብዬ አልዋሻችሁም፤ ደንዝዤ ተኛሁ። እስከ ዛሬም የሚያሳፍረኝ ይህ ነው።

በማግስቱ ስድስት ሰዓት ላይ ጋሽ መሸሻ ከነቶስታቸው በር ላይ ቆመዋል። ቱሉ «ከእንግዲህ አያምጡ» ማለት ነበረበት። አፉን ሲከፍት እሳቸው ቀደሙት። «ጓድ ቱሉ፣ ጨጓራህ እንዴት አደረልህ?» አሉት። ቱሉ ምሳ ዕቃውን ተቀበለ።

ይዞት ወደ እኔ መጣ። «ጎረቤታቸው ነህ አሉ» አለኝ። «ብላው። ባዶውን ለሳቸው እመልሳለሁ። አንድ ቃል ብትተነፍስ እኔም አንተም አለቅን።»

ክዳኑ ላይ ስሟን አነበብኩ። ልመልሰው አሰብኩ፤ የሟች ምግብ መብላት ከበደኝ። ግን ሽታው ወጣ፣ የነጭ ሽንኩርቱ፣ የተጠበሰው ዳቦ። በላሁት። እንደ ውሻ ነው የበላሁት። ቅርፊቱ ላይ ስደርስ የኮከብ ነገር ትዝ አለኝና ቆምኩ። ይህችን ቅርፊት ከበላኋት ነገ ግቢያችን ውስጥ ልጅ ትሞታለች። ካስቀረኋት ግን ትቆያለች። መንጋጋዬ ሳይወድ ተዘጋ፤ ቅርፊቷን አስቀርቼ ክዳኑን ገጠምኩ።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ወር አለፈ። በየቀኑ መሐሉን በጥርሴ እስከ ቅርፊቱ ድረስ ከርክሜ፣ ፍርፋሪውን ከጣቴ ልሼ፣ ቅርፊቱን እመልሳለሁ። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ቅርፊቱን እያሰብኩ እውላለሁ። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት የነበረው ቁራጭ አራት ሆነ። ዳቦ በዛ ማለት ነው ብዬ ተደሰትኩ። ቃሪያው ፍሬው እየወጣለት መምጣት ጀመረ፤ እኔ ቃሪያ ያቃጥለኛል፣ ኮከብ ግን ፍሬውን ነበር የምትወደው። ይህንንም አይቼ ምንም አልገባኝም። የተራበ ሰው ሳህኑን እንጂ ሰውን አያይም።

በሚያዝያ አንድ ቅዳሜ «ተፈተሃል» አሉኝ። ለምን እንደታሰርኩ እንዳልነገሩኝ ሁሉ ለምን እንደተፈታሁም አልነገሩኝም። በሩ ላይ ቱሉ ባዶውን ምሳ ዕቃ ሰጠኝ። «ከእንግዲህ የሚበላው የለም» አለኝ፤ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። «አንተ ንገራቸው። እኔ አቃተኝ።»

ከቀበሌው እስከ ግቢያችን አሥር ደቂቃ አይሞላም። እኔ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። በየጥጉ እየቆምኩ ቃል እመርጣለሁ። «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብዬ ልጀምር? ወይስ በቀጥታ? አራት ጊዜ ተመለስኩ። ሦስት ወር ያቆየኋትን ልጅ በገዛ አፌ ልገድላት ነው።

ጋሽ መሸሻ ጋዋናቸውን ለብሰው ደጃፍ ተቀምጠዋል። ጋዋኑ ሰፍቷቸዋል። መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ ምሳ ዕቃውን አዩ። አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ምላስህን አውጣ።»

አወጣሁ።

«ደም የለህም» አሉና ተነሥተው ከሰል ማቀጣጠል ጀመሩ።

እትዬ ሰርኬ ወጡ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ደጅ ቢሆን የማይቻለውን ሐዘን ቤታቸው ውስጥ ለብሰውት ነበር። ምሳ ዕቃውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ፣ ፕላስተሩን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት፣ ወደ ጓዳ ተመለሱ። ያዘጋጀሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ።

«ያውቃሉ?» አልኳቸው ጋሽ መሸሻን።

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ማን ነገራችሁ?»

«አንተ ነሃ።» ዳቦውን በሽቦው ላይ አገላበጡት። «ኮከብ ቅርፊት የምትገነጥለው በጣቷ ነው። የመጣልኝ በጥርስ የተከረከመ ነው። ዳር ዳሩን ሳየው ደግሞ በየንክሻው አንድ ቦታ ላይ ጭረት አለ። ያንን የተሸረፈ ጥርስ እኔ አላውቀውም? ኮከብ የለችም፣ አምሐ አለ አልኩ።»

ሦስት ወር ሙሉ እሳቸውን ላታልል ተርቤያለሁ። እሳቸው ከመጀመሪያው ቀን አልተታለሉም።

«ታዲያ ለምን ያመላልሱ ነበር?»

«ምን ማለትህ ነው? ልትበላ ነዋ!» ተቆጡኝ። «አበላዋለሁ ብዬ ለእናትህ ደብዳቤ ጽፌላታለሁ። ቅርፊቱ በመጣ ቁጥር ሰርኬ ትቀበለኝና አይታ ‹አምሐ ዛሬም አለ› ትላለች። ከዚያ ትንሽ እህል ትቀምሳለች። ባይመጣ ኖሮ እሷንም አላተርፋትም ነበር።»

የኔ አራት ቁራጭ የሁለቱ የወረፋ ዳቦ እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ ጋዋኑ ለምን እንደሰፋቸውም። አንገቴን ደፋሁ። ከዚያ የመጣልኝን ጠየቅሁ።

«ጋሼ፣ ሁለተኛው ጉዳቱ ምንድን ነው?»

«የምኑ?»

«የቶስቱ።»

አሰቡ። ነጭ ሽንኩርቱን እያሹ ብዙ አሰቡ። «የለውም» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ብቻ ካልክ ሰው አያምንህም። ለዚያ ነው።»

ቲማቲሙን ደርድረው፣ ቃሪያውን ፍሬውን አውጥተው፣ ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡልኝ። ትኩስ ነበር። ሦስት ወር ቀዝቃዛውን ስበላ ትኩሱን ረስቼው ነበር። እሳቸው ፊት ለፊቴ ተቀምጠው አፌን ያዩ ጀመር። በልቼ ስጨርስ እጄ የለመደውን አደረገ፤ ቅርፊቱን ሰብስቤ ሳህኑ ዳር አስቀመጥኩት።

ጋሽ መሸሻ ቅርፊቱን አዩት።

«አሁን ለማን ነው የምታስቀረው?» አሉኝ። ድምፃቸው እንደ ወትሮው ሊጮህ ሞክሮ መሐል ላይ ተሰበረ። «ቤትህ ገብተሃል። ፊቴ ተቀምጠሃል። ብላው!»

በላሁት፤ እሳቸው እያለቀሱ፣ እኔም እያለቀስኩ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ሁለታችንም ድምፃችንን ይዘን። ከጓዳ እትዬ ሰርኬ «ጨረሰው?» ብለው ጠየቁ።

«ጨረሰው» አሏቸው።